መርሳ ላይ ያለ ፈቃዴ ጠንቋይ የሆንኩበት ጉዞ

አሰብ ተወልዳችሁ አሰብ ላደጋችሁት፣ ተራራን በግድግዳ ካላንደር ላይ ብቻ ለምታውቁት የማኅበራችን ልጆች ስል ይህን ጻፍኩ። በአፍ ስነግራችሁማ «ጥሩወርቅ ደግሞ ታጋንናለች» እያላችሁ አላስጨርስ አላችሁኝ። ወረቀት አይቋረጥም፤ አርፋችሁ አንብቡ።

እናንተ ብታውቁትም፣ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንዳይቸገር ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የማኅበራችን የጌጣጌጥ ክፍል ሦስት ሴቶች ብቻ ነን። እኔ ባሌ ሲሞት መዶሻውን ያነሳሁ ነኝ፤ ሁለቱን ደግሞ እኔው አስተምሬአቸዋለሁ። ኃላፊዎቹ «ጌጥ ለሰፊው ሕዝብ ምን ይፈይዳል?» ብለው ክፍሉን ሊዘጉት፣ እኛንም ወደ ጨው ማምረቻው ሊያዛውሩን ቆርጠው ነበር። በመካከሉ ወልድያ ላይ የእደ ጥበብ ውድድርና ኤግዚቢሽን ይደረጋል፣ ማኅበራት አካባቢያቸውን የሚያሳይ ሥራ ያቅርቡ ተባለ። ሥራችን ከተመረጠ ክፍላችን ይቀጥላል፤ ካልተመረጠ አካፋ ይዘን ጨው መዛቅ ነው። እንግዲህ ከአሰብ ምን ይታያል? ባሕርና ሙቀት። ሙቀት በብር አይሠራም፤ ስለዚህ ባሕሩን ሠራነው።

የአንገት ጌጥ ነው፤ ሦስት ረድፍ። ላይኛው እንደ ማዕበል የተጠማዘዘ የብር ሽቦ፣ መካከለኛው ውስጡ ቀስተ ደመና የመሰለ የባሕር ቅርፊት በስሱ ተቆርጦ፣ ታችኛው ከዳር የለቀምናቸው ነጫጭ ዛጎሎች። የለበሰችው ሴት ስትራመድ ዛጎሎቹ እርስ በርስ እየተነካኩ፣ ውሃ ጠጠር ላይ ሲመለስ የሚያሰማውን ድምፅ ያሰማሉ። ብሩን ከድሮው የማርትሬዛ ገንዘብ ነው ያቀለጥነው፤ ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ቅንጣት ብር አልቀረም።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ጨው በጫነ ተሳቢ መኪና ወጣሁ። ጌጡን በጥጥ፣ ጥጡን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ጭኔ ላይ አቀፍኩት። ሾፌሩ አየት አደረገና «እናት፣ ሕፃን ነው እንዴ?» አለኝ።

«ከሕፃን ይብሳል፤ ሕፃን እንኳ ሲወድቅ ያለቅሳል» አልኩት።

ስለ በረሃው የምነግራችሁ የለኝም፤ ከእኛ ደጅ የሚለየው ባሕር የሌለው በመሆኑ ብቻ ነው። ሚሌ አድረን፣ በማግስቱ ባቲን አልፈን ወደ ኮምቦልቻ ስንወጣ ላቤ ደረቀ። እመኑኝ፣ ላቤ በጠራራ ፀሐይ ደርቆ ስለማያውቅ የታመምኩ መስሎኝ ግንባሬን ዳበስኩ። ደሴ ላይ ደግሞ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አደረ። የእንግዳ ማረፊያው ሴትዮ «ዛሬስ ሞቅ ብሏል» ስትለኝ ልመታት ምንም አልቀረኝ።

ረቡዕ የወልድያን አውቶቡስ ያዝኩ። ሥራዎቹን የሚረከቡት እስከ ዓርብ የሥራ መውጫ ሰዓት ድረስ ነውና ልቤ ሙሉ ነበር። መንገዱ ግራና ቀኝ ተራራ ነው። እኛ አገር ዓይን እስኪደክመው ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ ግን ትንሽ ሄዶ ከተራራ ጋር ይጋጫል። መጀመሪያ አፈነኝ፤ ኋላ ለመድኩት።

ውርጌሳ ስንቆም ግማሹ አውቶቡስ ሸንኮራ ለመግዛት ወረደ፤ ከወረደው የበለጠ ደግሞ ተሳፈረ። ከተሳፈሩት አንዱ ወደ ሐራ የሚሄድ ሰውዬ ነው፤ ፍየል ይዟል። ሸንኮራ ለመቀበል በመስኮት ብቅ ስል ቦርሳዬን ለአንድ አፍታ መሬት አስቀመጥኩ። ያቺ አንድ አፍታ ለፍየል በቂዋ ናት። ዞር ስል ፍየሏ ሁለቱን የፊት እግሮቿን ቦርሳዬ ላይ አድርጋ፣ ሸንኮራዬን ታየዋለች።

«ኡኡ! ገደለችኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ሰውየው ፍየሏን እየጎተተ «ይቅር በይኝ እቴ፤ እንስሳ ናት፤ ምን ታውቃለች?» አለኝ።

«እሷስ አታውቅም፤ አንተ ግን ታውቃለህ!»

ቦርሳውን ከፍቼ ሳይ የታችኛው ረድፍ ክር ተበጥሶ ዛጎሎቹ ተበትነዋል። ይሄ ቀላል ነው፤ ይታሰራል። ግን ከአንገት ኋላ የሚይዘው የብር መቆለፊያ ከነተሸካሚ ሽቦው ተነቅሎ፣ ፎጣውን ስፈታ ወለሉ ላይ ወድቋል። ተሳፋሪው ሁሉ ተንበርክኮ ፈለገልኝ፤ የፍየሏ ባለቤት በደረቱ ተኝቶ ከየሰው እግር ሥር ገባ። ለካ አውቶቡሱ ወለል ላይ እጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። መቆለፊያው በዚያ በኩል መንገዱ ላይ ቀርቷል፤ እኛ ደግሞ መሄድ ከጀመርን ቆይተናል። ያለ መቆለፊያ ጌጡ አንገት ላይ አይቆምም፤ ሌላ ለመሥራት ደግሞ ብር የለኝም። ከውርጌሳ እስከ መርሳ ድረስ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የፍየሏ ሰውዬ እያየ ግማሹን ሸንኮራውን ሰጠኝ፤ ተቀበልኩት፤ ፍየሏም ተቀበለችኝ።

መርሳ ላይ ሾፌሩ «ሞተሩ አላማረኝም፤ እዚሁ እናድራለን» አለ። አንድ ተሳፋሪ የወይዘሮ ዘይነባን ማረፊያ ቤት ጠቆመኝ። ወይዘሮ ዘይነባ ሃምሳውን ያለፉ፣ ረጅም፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። በር ላይ ሰላምታ ተጀመረ። እንዴት ዋልሽ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ጤናሽስ፣ መንገዱስ፣ ቤተሰቡስ፣ አገሩስ። አሰብ ላይ በዚህ ሁሉ ሰላምታ አንድ መርከብ ይራገፋል። ስጨርስ ግን እንባዬ ደርቆ ነበር።

«የፍስክ ወጥ አለ፤ ለአንቺ ግን ሽሮ ነው የማቀርብልሽ» አሉኝ።

«ለምን?»

«ረቡዕ አይደል እንዴ? አትጾሚም?»

መንገድ አዙሮብኝ ቀኑን ረስቼው ነበር። ሙስሊሟ አስታወሱኝ።

ሽሮው እስኪደርስ ሰፌድ ተበድሬ፣ ክፍሌ ወለል ላይ ተቀመጥኩና ዛጎሎቹን ዘረገፍኳቸው። ትልልቁን ወደ መሃል፣ ትንንሹን ወደ ዳር እያደረግኩ፣ ጥርስ የመሰለው አፋቸው ወደ ላይ ያልሆነውን እየገለበጥኩ፣ የተሰነጠቀውን እየለየሁ፣ እንደ ልማዴ ከራሴ ጋር እያወራሁ። ወይዘሮ ዘይነባ ትሪውን ይዘው ሲገቡ ደጃፉ ላይ ደርቀው ቀሩ። ትሪውን ቀስ ብለው አስቀመጡና፣ ጀርባቸውን ሳይሰጡኝ፣ ወደ ኋላ እየሄዱ ወጡ። የሰው አገር ጨዋነት ነው ብዬ ሽሮዬን በላሁ።

ሐሙስ ጠዋት በሩን ስከፍት ግቢው በሴት ተሞልቷል። አንዷ እንቁላል፣ አንዷ ማንጎ፣ አንዷ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘዋል። ሁሉም ተነሡልኝ። አንዲት ቀጭን ሴት ቀድማ መጥታ «እቴ፣ ጥጃዬ ከጠፋች ሳምንቷ ነው፤ ዛጎሉን ጣይልኝ» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። ለእናንተ ዛጎል ማለት እግር የሚወጋ የባሕር ዳር ቆሻሻ ነው። እዚያ አገር ግን ዛጎል በሰፌድ ዘርግታ እያጉተመተመች የምትገለብጥ ሴት አንድ ሥራ ብቻ ነው ያላት።

«ኧረ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም! ብር ሠሪ ነኝ!»

አንዷ አሮጊት ለጎረቤቷ «አየሽ? የሚያውቁት ሁሌም አይደለንም ነው የሚሉት» አለቻት። የጥጃዋ ባለቤት አልንቀሳቀስ ስትለኝ ተናደድኩና «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ሂጂ ጎረቤትሽን ጠይቂ!» ብዬ አባረርኳት።

ወይዘሮ ዘይነባን ጓዳ ውስጥ አገኘኋቸው። «ለማን ነው የነገሩት?»

«ወላሂ ለአንዲት ሰው ብቻ ነው። ለከድጃ።»

«ከድጃስ?»

«ከድጃማ ለመርሳ ነገረች።»

ሳልጨርስ ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ከተፍ አለ። ጥንቆላ ጎጂ ልማድ ነው፣ የተከለከለ ነው፣ ዕቃው ይያዛል አለ። የማኅበሩን ደብዳቤ አሳየሁት፤ «ጠንቋይም ወረቀት አያጣም» አለኝ። ዛጎሎቹንም ጌጡንም በፎጣው ጠቅልሎ ወሰደ። ተከትዬው እየሮጥኩ ቀበሌ ደረስኩ፤ የብረት ሣጥን ውስጥ ከተተና ቆለፈው። ሣጥኑ የሚከፈተው በሁለት ቁልፍ ነው፤ ሌላው ሊቀ መንበሩ ዘንድ ነው፤ እሳቸው ያለፈቀዱት አይከፈትም። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ግራና የሚባል ቦታ ስብሰባ ሄደዋል፤ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም። አውቶቡሴ ጥሎኝ ሄዷል፤ ነገ ዓርብ ነው። ሁለቱ ጓደኞቼ አካፋ ይዘው ጨው ውስጥ ቆመው ታዩኝና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ወይዘሮ ዘይነባ ከኋላዬ ደርሰው ክንዴን ያዙኝ። «አብሽሪ! እኔ ያበላሸሁትን እኔ አስተካክላለሁ። ተነሽ፣ ግራና እንሄዳለን።»

በእግር ሄድን። የግራና መንገድ ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ በደስታ አብድበት ነበር። ብርቱካን ከአጥር በላይ ተንጠልጥሏል፤ በየማሳው ዳር ውሃ በቦይ ይፈሳል፤ ማንም አይጠብቀውም፣ ማንም አይሸጠውም። እኔ በርሜል ውሃ ለመግዛት የተሰለፍኩባቸው ጠዋቶች ትዝ አሉኝና ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት። ወይዘሮ ዘይነባ ቆመው ጠበቁኝ፤ አልቸኮሉም። ስወጣ የልባቸውን ተናገሩ።

«ልጄ ሁሴን አሰብ ነው ያለው። ወደብ ላይ ይሸከማል። ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ባሕር ሰው ይበላል ይላሉ። ትላንት ሰፌዱን ሳይ፣ ያ ረቢ፣ አላህ መልስ ላከልኝ ብዬ ነው።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። «እትዬ ዘይነባ፣ እኔ ልጅዎን አላውቀውም። ስመለስ ግን ወደቡ ላይ ስሙን እየጠራሁ እፈልገዋለሁ።»

«ባሕሩ እንዴት ያለ ነው?»

«ሰፊ ነው። ዳር የለውም። ውሃው ጨው ነው።»

«አይጠጣም?»

«አይጠጣም።»

«ያ ሁሉ ውሃ?» ቆም አሉ። «ታዲያ ምን ይጠጣል ልጄ?»

«ገዝቶ ይጠጣል።» ቦዩን አየት አደረጉና መንገዱን ቀጠሉ።

ሊቀ መንበሩን ጓድ ሰይድን ከዋርካ ሥር ከገበሬዎች ጋር ተሰብስበው አገኘናቸው። እንቅልፍ ያጡ የሚመስሉ፣ ድምፃቸው የሰለለ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ዘይነባ ስብሰባውን ሰንጥቀው ገብተው «ጓድ ሰይድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ አፌ ነው» ብለው ሁሉንም ተናገሩ። ገበሬው ጆሮውን አቆመ።

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ጓዲት፣ ጠንቋይ አለመሆንሽን በምን አውቃለሁ?»

ደክሞኛል፣ እግሬ ተልጧል፣ ተናድጃለሁ። «ጓድ፣ ጠንቋይ ብሆን ኖሮ ጥበቃው እንደሚመጣ አውቄ በሌሊት አልጠፋም ነበር? ለመሆኑ ቦርሳዬን ፍየል እግር ሥር አስቀምጥ ነበር?»

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ሳቁ፤ ቀጥሎ ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። የፍየሏን ታሪክ ከመጀመሪያው አስነገሩኝ። ሊቀ መንበሩ ዓይናቸውን እየጠረጉ «ይህቺስ የነገዋን ቀርቶ የዛሬዋንም አታውቅ» አሉና ስብሰባውን ዘጉ። ብርቱካን በጫነ መኪና አብረን ወደ መርሳ ተመለስን፤ ሣጥኑን በእጃቸው ከፈቱልኝ። ዛጎሎቹ አሉ፣ ቅርፊቶቹ አልተሰበሩም። እፎይ! እዚያው የቀበሌው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ከሆዴ ተነፈስኩ። ጥበቃው እንኳ ውሃ አመጣልኝ።

ማታ ወይዘሮ ዘይነባ አውራ ዶሮ አሲዘው ወደ ክርስቲያን ጎረቤታቸው ላኩ፤ እኔ እንድበላው እዚያ ታርዶ፣ እዚያው ተሠርቶ መጣ። እሳቸው ከእሱ አይበሉም፤ ግን አጠገቤ ተቀምጠው ሥጋውን ወደ እኔ እየገፉ «ብይ፣ አጥንት ብቻ ነው የቀረሽ» ይሉኛል። ለራሳቸው ሽሮ ነው የቀረበው። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ አይቼ አላውቅም፤ እዚያ ግን የሚያስገርመው እኔ መገረሜ ነበር።

የመቆለፊያው ነገር ስለቀረ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ዓርብ ማለዳ ዛጎሎቹን በአዲስ ክር ስሰካ ወይዘሮ ዘይነባ አንድ ነገር በመሐረብ ጠቅልለው አመጡ። የብር አልቦ ነው፤ በሙሽርነታቸው እግራቸው ላይ ያጠለቁት። አንደኛው ወገን ተሰብሯል።

«ይሄ ይበቃሻል?»

«እትዬ ዘይነባ፣ አይሆንም። የሠርግዎ ነው።»

«አብሽሪ። እግሬ አብጦ አይገባኝም፤ የተሰበረ አልቦ ሣጥን ውስጥ ምን ይሠራል? ደግሞ መንገዱ ወደ ልጄ ነው።»

ከሰል ማንደጃው ላይ አቀጣጠልን። እሳቸው በማራገቢያ፣ እኔ በቀጭን ቧንቧ እየነፋን የአልቦውን ስባሪ አቀለጥኩት፤ ቀጥቅጬ፣ ስቤ፣ አጥፌ መቆለፊያ አደረግኩት፤ በብየዳ ያዝኩት፤ በሎሚ ቀቅዬ አነጣሁት። የቀድሞው ቄንጠኛ ነበር፤ ይሄኛው ወፈር ብሎ ጠንካራ ወጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄኛው ይሻላል።

ወልድያ ለመሄድ አውቶቡስ ስጠብቅ ወይዘሮ ዘይነባ አዲስ ጥቁር ሻሽ አስረው መጡ። «ብሬ የት እንደሚደርስ ልየው» አሉ። ልንሳፈር ስንል ያቺ ቀጭን ሴት እየሮጠች መጣች፤ ላቧ ይፈሳል፣ ትስቃለች።

«እቴ! ጎረቤቴን ጠየቅኩ! ከእሱ ጥጆች ጋር ተቀላቅላ በረቱ ውስጥ ተገኘች!»

ትላንት ግቢው ውስጥ የነበሩት፣ ተከትለዋት የመጡት ሴቶች በሙሉ ዓይናቸውን በእኔ ላይ ተከሉ። ጓድ ሰይድ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆመው ነበር፤ ቆባቸውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ። ምን እላለሁ? መርሳ ላይ እስከ ዛሬ ጠንቋይ ነኝ።

ወልድያ ኮረብታ ላይ ወጣ ገባ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ቁልቁለቱን ስወርድ ጉልበቴ፣ ዳገቱን ስወጣ ሳንባዬ አልቻለም። የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ስንደርስ ተረካቢው ቁልፉን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሰዓቱ አልፏል ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ ወይዘሮ ዘይነባ ቀድመው ሰላምታ ጀመሩበት። እንዴት ዋልክ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ጤናህስ፣ እናትህስ። ስለ እናቱ መልሶ ሳይጨርስ እኛ ገብተናል። እሳቸው ዘመዳቸው ቤት አሳደሩኝ፤ ያን ሌሊት ፍየሏ እንኳ ብትቆምብኝ አልነቃም ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የላስታ መስቀሎች፣ የቀንድ ዋንጫዎች፣ ሰው የሚያህል መሶብ። የእኛ ባሕር ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ጋደም ብሏል፤ ለራሴ እንኳ የደረቀ መረብ መሰለኝ። ዳኞቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው በእርሳስ ነካ አድርጎት «ይህ ምንድን ነው፣ ጓዲት?» አለኝ። ከአሰብ ጀምሮ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። አንዲት ቃል አልመጣልኝም። ዳኛው ትንሽ ጠበቀኝና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ እግሩን አነሳ።

ወይዘሮ ዘይነባ ከኋላዬ «ብር ጠረጴዛ ላይ ምን ያደርጋል? ኑሮው አንገት ላይ አይደለም?» አሉ። እጃቸውን ሰደዱና ጌጡን አነሱት፤ አንገታቸውን በሸፈነው ጥቁር ሻሽ ላይ አጠለቁት፤ መቆለፊያውን፣ የገዛ አልቦአቸውን፣ ራሳቸው ቀጭ አደረጉት። ከዚያ አዳራሹ መሃል ሄዱ። ዛጎሎቹ መንሿሿት ጀመሩ። በጥቁሩ ላይ ነጩ አረፋ ሆነ፤ ቅርፊቶቹ ከመስኮቱ ብርሃን ተቀበሉ። ያን ድምፅ ሰማሁት፣ ወልድያ መሃል፣ የእኛን ባሕር ዳር።

ዳኛው ተመልሶ መጣ። «እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ባሕሩ ነው» አሉ። «ልጄ ያለበት።» በእጃቸው ዛጎሎቹን ዳበሱ። «ሩቅ መስሎኝ ነበር።»

ዳኛው እርሳሱን አንስቶ መዝገቡ ላይ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ስማችን ሲጠራ አንደኛ አልወጣንም፤ አንደኛ መሶቡ ነው፣ ይገባዋልም። ግን ከተመረጡት ውስጥ ነን፤ ጌጡ ለሚቀጥለው ትልቅ ኤግዚቢሽን ያልፋል ተባለ። ወለሉ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ጨውም ቀረ፣ አካፋም ቀረ። ወይዘሮ ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉኝ።

እሑድ መርሳ ላይ ተለያየን። በመስኮቱ አንድ ጆንያ ብርቱካን አስገቡልኝ፤ «ግማሹ ያንቺ፣ ግማሹ የሱ» አሉኝ። እመለስና ባላገኘውስ የሚለውን ሁለታችንም አልተናገርነውም።

የቀረውን ታውቃላችሁ። በተመለስኩ ማግስት ጆንያውን ይዤ ወደብ ሄድኩና ከበር እስከ በር «የመርሳው ሁሴን! የዘይነባ ልጅ!» እያልኩ ጮህኩ። ጫኞቹ ሳቁብኝ። አንድ እንደ እናቱ ረጅም የሆነ፣ ትከሻው ጨው የለበሰ ወጣት ከረጢቱን አውርዶ ቆመ። ብርቱካኑን ሲያይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ወባ ታሞ ከርሞ፣ ከተሻለውም በኋላ ባዶ እጁን ደብዳቤ መላክ አፍሮ ነው። አንዱን ልጦ፣ ጭማቂው በክንዱ እየወረደ፣ ስለ እናቱ ሲጠይቀኝ ቆየ። ከዚያ ወደ ውሃው አሻግሮ አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«እሷ ባሕር ምን እንደሚመስል እንኳ አታውቅም» አለኝ።

«ያውቃሉ» አልኩት። «አንገታቸው ላይ አድርገው ወልድያ ላይ አዙረውታል።»